የገብስ አገር ልጆች

እሁድ

መጣች! «እኔ ኳስ ምን አገባኝ፣ አልመጣም፣ አትጥሪኝ» ስትል የከረመችው እትዬ አስቴር ዛሬ በራሷ እግር መጣች። በሩን ስከፍትላት ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ «ቶሎ በሉ፣ ዕጣችሁን አውጡና ልሂድ» አለች። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየች።

የወንድሜ ሚስት ናት። «ነበረች» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ጋሽዬ ካረፈ አምስት ወር አለፈው፤ እሷ ግን አሁንም የወንድሜ ሚስት ናት።

ማኅበሩን ያቋቋመው እሱ ነው። «የትንንሾቹ ማኅበር» ብሎ ስም አወጣለት። በየዓመቱ በመጋቢት በዚህ በሰው አገር የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ሲደርስ ስልሳ ምናምን ትምህርት ቤቶች ይመረጡና በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድባቸው ከአንደኛ እስከ አስራ ስድስተኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል። አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንደኞቹ ነው። እኛ አንደኞቹን አንነካም። ከአስራ ሁለተኛ ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን፣ ከመንደራቸው ውጭ ማንም የማያውቃቸውን፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፈን እንጠቀልልና ዕጣ እናወጣለን። የደረሰህ ትምህርት ቤት እስኪሸነፍ ድረስ ዘመድህ ነው። የልጆቹን ስም ታጠናለህ፣ ሲጫወቱ ቆመህ ታያለህ። ሲሸነፉ ደግሞ ሐዘንተኛ ነህ፤ የቀረነው ንፍሮ ቀቅለን ቤትህ ድረስ እንመጣና «እግዜር ያጽናህ» እንልሃለን። ወሩ ሁዳዴ ላይ ስለሚውል ንፍሮው ለጾሙም ይሆናል። ጋሽዬ ይህን ሥርዓት ያወጣ ቀን ራሱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ዘንድሮ «ያጽናሽ» የሚለው ቀርቷል። ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም፤ በዓይን ነው የተስማማነው።

የተገኘነው አራት ነን። ጋሽ መኮንን፣ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ። እንደ ጽዋ ማኅበር ወግ አለቃችንን «ሙሴ» ነው የምንለው፤ ጋሽዬ ካረፈ ወዲህ ሙሴው እሳቸው ናቸው። ዮናስ፣ ከከተማው ወጣ ካለችው ከኬንት የሚመጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በእድሜ ከሁላችንም ትንሹ። እኔ። እና እትዬ አስቴር በባሏ ቦታ።

ለእኔ አንድ አስራ ስድስተኛ ደረሰኝ። (አስራ ስድስተኛ ማለት አንደኛውን የሚገጥም ማለት ነው። ነፍስ ይማር።) ለእሷ አስራ ሦስተኛ ወጣላት። ስሙን ለማንበብ ብትሞክር ምላሷ ተሳሰረ። ስልኬ ላይ ፈልጌ ፎቶውን አሳየኋት። ከዚሁ ከሰው አገር መሃል የሆነ ቦታ፣ ሜዳው ለጥ ያለ፣ አንድ የጡብ ሕንፃ፣ ዙሪያውን እስከ ሰማይ ጥግ አዝመራ። መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼ ገብስ ነው» አለች። «የኛ አገር ነው ይኼ።»

ደብረ ብርሃን ነው ያደገችው፤ እናቷ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል። ገብስ ይሁን ስንዴ እኔ አላውቅም። ብቻ ከዚያ በኋላ ማንም የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ የገብስ አገር ልጆች ሆነው ቀሩ።

ሰኞ

ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነበር። የማለዳ ተማሪዎቼ የምነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ እንደገቡ አንገታቸው ይወድቃል፤ እኔና ዝናብ መጥረጊያው ብቻ ነን የምንነቃው። እንዲህ ያለ ጠዋት ሐሳቤ ያለ መሪ ይሄዳል። ዛሬ የሄደው ወደዚያ የገብስ ከተማ ነው። አንድ ዋና መንገድ ሠራሁለት። አንድ ጸጉር ቤት። በረዶው ያልቀለጠበት የኮሌጁ ግቢ። ሰባት ሰዎች የሚያጨበጭቡበት የኳስ አዳራሽ፤ ከሰባቱ አንዱ ጋሽዬ ነው፣ ያቺን የሱፍ ኮፍያውን አድርጎ፣ ከኋላ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ጠፋ።

ልጆቹን አድርሼ እትዬ አስቴር ቤት ጎራ አልኩ። ሁለት መንገድ ነው ከእኔ ቤት፤ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ካርቶኖች አምስት ነበሩ፣ ዛሬ ሰባት ሆነዋል። እየሰጠች ነው። ጥሩው ካፖርቱ ለጋሽ መኮንን። የመኪና መፍቻዎቹ ለዮናስ። ለእኔ ሬዲዮኑ። ከፋሲካ በኋላ ዳላስ እህቷ ጋ ልትገባ ነው። እህቷ ቤት ሰፊ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ ይህን ሁሉ እሷ ራሷ ነገረችኝ፣ ለራሷ እንደምታስረዳ ዓይነት።

«አትሂጂ» ማለት እንዴት ያቅተኛል? አንዲት ቃል ናት። ጋሽዬ ከሄደ እዚህ ከተማ ውስጥ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ግን ደግሞ ምን ብዬ ላስቀራት? አለቀሰች ብባል ደስ ይለኝ ነበር፣ ታዝናለች ትድናለች እል ነበር። ቀብሩ ላይ እንኳ እንባ ጠብ አላላትም። ሴቶቹ በሹክሹክታ ሲያነሱት ሰምቻለሁ። አንዷን ልሰድባት ምንም አልቀረኝም ነበር።

የምፈልገው ነገር ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እጽፈዋለሁ። የገብስ አገር ልጆች ብዙ ያሸንፉ። በቆዩ ቁጥር እሷም ትቆያለች።

ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ደወለች። እሷ! እኔ ጋ ስትደውል ከጥምቀት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ስሚ፣ ያ ረጅሙ ልጅ ለምንድነው የሚያነክሰው?»

የድሮ ጨዋታቸውን ስታይ አድራ ነው። የልጆቹን ስም መያዝ ስላቃታት የራሷን አውጥታላቸዋለች። ረጅሙ «ቆጥ» ነው። ጺሙን ያሳደገው «መሪጌታ»። በግራ እጁ የሚወረውረው ትንሹ «ግራኙ»። አሰልጣኙን አልወደደችውም፣ «ይኼ ሰውዬ ይጮኻል እንጂ አያስተምርም» አለች። ጋሽዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ለምኗት አንድ ጨዋታ አብራው አላየችም። ስልኩን ዘግቼ መሪው ላይ ግንባሬን ደገፍኩ።

የእግሩን ነገር አጣራሁላት። ቁርጭምጭሚቱ ነው፣ ግን ሐሙስ ይጫወታል።

ረቡዕ

በረዶ የለበሰው ተራራ ታየ። ከስንት ቀን ደመና በኋላ በሬይኒየር ጎዳና መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ልጆች «ሉክ! ሉክ!» አሉ። የቼሪ ዛፎቹም ጀምረዋል።

አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሹፌሮቹ ማን ያሸንፋል የሚለውን ሰንጠረዥ ሞልተው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። አንዱም የገብስ አገርን አላሳለፈም። ዘበኛው ሳይቀር። አየሁና በሩን ገጭ አድርጌ ወጣሁ።

ሐሙስ

አሸነፉ!

በሥርዓት ልጻፈው። ጨዋታው የነበረው ቀን ላይ ነው፣ በጠዋቱና በከሰዓቱ ተማሪ መካከል፤ እሷም የምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ እሷ ቤት። ጋሽ መኮንን ክራቫት አስረው መጡ። ዮናስ መኪናውን ጣቢያው ጋ ፓርክ አድርጎ ሮጦ ገባ። ተጋጣሚው አራተኛ ደረጃ ያለው ትልቅ ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ እንደ በር ናቸው።

እትዬ አስቴር አልተቀመጠችም። ሽሮ የምታማስልበትን ማንኪያ እንደያዘች ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን። በእረፍት ሰዓት በአስር ነጥብ ይመሩን ነበር። ዮናስ «ኦኬ፣ ሶ ያው ነው፣ አለቀልን» አለ። ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ውጭ ቁም» አለችው። «አፍህ ጥሩ አይደለም።»

የምሯን ነበር። ዮናስ በረንዳ ላይ ወጥቶ በመስኮት አየ፣ በካፊያው ውስጥ። ከዚያ ግራኙ ጀመረው። አንድ ሦስት ነጥብ። ሌላ። መሪጌታ ኳስ ነጥቆ ሮጠ። ቆጥ እያነከሰ ዘለለ። መጨረሻ ላይ ምን እንደተፈጠረ በትክክል አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጋሽ መኮንን «በስመ አብ! በስመ አብ!» ሲሉ፣ ማንኪያው ጣሪያ ሲነካና እልልታ ሲቀልጥ ነው። እልልታው የእሷ ነበር። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ። እሷ ደግሞ በማንኪያው ጣሪያውን መልሳ ደበደበች።

ስትስቅ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ረስቼው ነበር።

አርብ

የእኔዎቹ ሞቱ። ብዙም ሳያስቸግሩ። የጋሽ መኮንንም፣ የዮናስም። ዮናስ ከኬንት ድረስ በፕላስቲክ ዕቃ ንፍሮ ይዞ መጣ፤ ሽምብራው ጥርስ ይሰብራል። «ያጽናሽ» ሊለኝ አፉን ከፈተና ተመልሶ ዘጋው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

የቀሩት የገብስ አገር ልጆች ብቻ ናቸው። በደንቡ መሠረት አራታችንም አሁን የእነሱ ዘመድ ነን።

ትልቁ ወሬ ግን ይኼ ነው። የዳላሷ እህቷ ደውላ «ቲኬትሽን ልቁረጥ?» ስትላት እትዬ አስቴር ምን አለቻት? «ቆይ ቅዳሜን ልይ።» ራሷ ነገረችኝ፣ ቀላል ነገር እንደሆነ ሁሉ፣ ሰሐን እያጠበች። እኔ ፎጣውን ይዤ እንጨት ሆኜ ቀረሁ።

ነገ ግን ሥራ ናት። በሥራ ሰዓት ስልክ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው። «ሪከርድ አደርገዋለሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነግረኝ» ብላ ሦስታችንንም አስማለችን።

ቅዳሜ

ተሸነፉ።

በአንዲት ኳስ። ሁለት ደቂቃ እስኪቀር ድረስ ይመሩ ነበር። ግራኙ የመጨረሻዋን ወረወራት፤ ቀለበቱን ዞረችው፣ ዞረችው፣ ወጣች። ቆጥ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ማንም አላነሳውም። እኔ ቤት ነበር ያየነው ሦስታችን። ለረጅም ጊዜ ማንም ቴሌቪዥኑን አላጠፋም።

ከዚያ ነገሩ መጣብን፤ ለእሷ ማን ይነግራታል? አለመንገር ነበር ሐሳቤ፣ ራሷ ትየው። ጋሽ መኮንን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት ሁሉ ይኖራል፤ ሐሙስ ያንን ትልቅ ትምህርት ቤት ካሸነፉ ወዲህ የገብስ አገር ነገር በመንደሩ ተወርቷል። አንዱ ገና ከበር «ወይኔ፣ ልጆችሽ ተሸነፉ አይደል?» ሊላት ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ። «መርዶ ደግሞ በመንገድ አይሰማም። በወጉ ነው የሚነገራት። ነገ ከቅዳሴ በፊት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሦስታችን እንሄዳለን። እኔ እጀምራለሁ።»

ዮናስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽዬ ቢኖር እንዴት ይወደው ነበር አልኩ። እንዲያውም ነጠላችንን ለብሰን ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያው ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሆንን።

ትስቃለች ብዬ ነው። ተሸንፈውም ቢሆን ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ «አትሂጂ» እላታለሁ። ንፍሮውን ዘፍዝፌዋለሁ።

እሁድ

ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

ውጭው ገና ድንግዝግዝ ነበር። በሩን አንኳኳን። ለቅዳሴ ተነስታ ስለነበር ቶሎ ከፈተች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ። ሦስት ሰው ነጭ ለብሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ በሯ ላይ ቆሟል። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አስቴር» አሉ፣ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ፊቷን ሳየው ገባኝ። በዚያች ቅጽበት፤ ከዚያ በፊት ግን አልገባኝም። እንዴት አልገባኝም? በማለዳ፣ በነጠላ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ «ቁጭ በይ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አበሻ አለ?

ተራ በተራ አየችን። «እማዬ ናት?» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ «እማዬን!» ብላ ደረቷን መታችና ከነቁመቷ ወደቀች።

ዮናስ «ኖ! ኖ! ኳሱ ነው እትዬ! ጌሙ ነው! ተሸነፉ ነው!» እያለ ይጮኻል። ጋሽ መኮንን «እናትሽ ደህና ናቸው! ማርያምን ደህና ናቸው!» ይላሉ፣ ክንዷን ይዘው። አትሰማም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከኋላዋ አቀፍኳት። እንደዚያ ዓይነት ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቶች በር ከፍተው አዩ፣ መልሰው ዘጉ።

ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋልኩ። መጀመሪያ ትጠራ የነበረው እናቷን ነው። በኋላ ግን «እማዬ» ማለቱን ተወችው። «ጌታቸው» ማለት ጀመረች። «ጌቱዬ፣ ጌቱዬ፣ ምነው?» አምስት ወር ሙሉ የጋሽዬን ስም ከአፏ አልሰማሁም ነበር።

ቅዳሴው አመለጠን። ረፋዱ ላይ ደብረ ብርሃን አስደወልንላት፣ የእናቷን ድምፅ ሰማች። ስልኩን ዘጋች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ማንንም ሳታይ «አሁን ውጡልኝ» አለች።

ወጣን። ንፍሮው በእጄ ነበር፣ ሳልሰጣት መልሼ ይዤው መጣሁ። ጋሽ መኮንን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አልነሳም አሉ። «እኔ ሽማግሌ አይደለሁም» አሉ። «ልጅ ነኝ። ልጅ ይሻላል ከእኔ።» ደግፈን አነሳናቸው።

ሰኞ

አታነሳም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ጠዋት ከአውቶቡሱ በፊት በሯ ጋ ሄድኩ፤ እጄን አንስቼ ለማንኳኳት ፈራሁ። ከእንግዲህ በማለዳ በሯን እንዴት አንኳኳለሁ?

በከሰዓቱ ሥራዬ የማውቀውን መታጠፊያ አልፌ ሄድኩ። አንዲት ትንሽ ተማሪ «ሚስ፣ ማይ ሃውስ!» ስትለኝ ነው የነቃሁት። በሐሳቤ ወደ ገብስ ከተማ ልሄድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። መንገዱ ባዶ ነው፣ አዳራሹ ተዘግቷል።

ወደ ማታ የዳላሷ እህት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነው። «ምን አድርጋችኋት ነው? በዚህ ሳምንት ልምጣ አለችኝ እኮ። ፋሲካን አልጠብቅም አለች።»

እንዳለ ነገርኳት። «ጉድ ነው» አለች። ነገ ቲኬቱን ትቆርጣለች።

እኔ ነኝ ያስኬድኳት። እንድትቀርልኝ ፈልጌ በገዛ እጄ።

ማክሰኞ

አሁን ከእሷ ቤት ተመለስኩ። ትኩስ ትኩሱን ልጻፈው።

ከሰዓት ልጆቹን አውርጄ እንደጨረስኩ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት።

«ስሚ» አለች፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «መርዶ አርድታችሁ መጥፋት የት አገር ነው ያያችሁት? ዛሬ ሰልስቱ አይደለም እንዴ? እኔ ብቻዬን ልቀመጥ ነው?»

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ...»

«ሰዎቹን ይዘሽ ነይ። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ንፍሮም ይዘሽ ነይ።»

ሄድን። ጋሽ መኮንን በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማዋ ላይ ሊወድቁ ነበር፤ «ኧረ ጋሼ፣ በማርያም፣ ይተዉ!» ብላ ይዛ አነሳቻቸው። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ጥቁር ለብሳለች። ዓይኗ አብጧል። ንፍሮውን ከእጄ ተቀብላ በሳህን አዞረችው።

ከዚያ ራሷ ጀመረች። ወንድሜ ያረፈበትን ቀን ነው የነገረችን። እኔ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬን አጥፍቼ። እሷ ቅያሪ ልብስ ልትወስድለት ወደ ቤት መጥታ ወደ ሆስፒታሉ እየተመለሰች ነው። ባቡር ውስጥ ቆማ፣ አንድ እጇ ዘንጉን እንደያዘ፣ ስልኳ ጠራ። ሐኪሟ ጥሩ ሴት ናት አለች፣ ድምፅዋ ደግ ነበር። በእንግሊዝኛ ነገረቻት። «ታንክ ዩ አልኳት» አለች እትዬ አስቴር። «ታንክ ዩ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አጠገቤ የቆመው ልጅ ሙዚቃ ይሰማል። የት ብዬ ልጩኽ? በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ። ማንም ቁጭ በይ አላለኝም።»

ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እሁድ ዕለት እሳቸው 'ቁጭ በይ ልጄ' ሲሉኝ፣ ያ ሁሉ ወጣ። እናንተን ልገድላችሁ ነበር። ዛሬም አልበረደልኝም። ግን ወጣ።»

ጋሽ መኮንን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ምንም ሳልደብቅ አለቀስኩ፤ የወንድሜን ለቅሶ እኔም በወጉ አላለቀስኩትም ኖሯል። ዮናስ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና ውሃ ከፍቶ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ወሬው ቀስ እያለ ተፈታ። ጋሽዬ ጋሽ መኮንንን መኪና ማቆሚያው ላይ ተከራክሮ የተዋወቃቸው ቀን። አንድ ጊዜ የደረሰው ትምህርት ቤት ሲያሸንፍ ከደስታው ብዛት ጫማ ሳያደርግ ኮሎምቢያ ሲቲን የዞረበት። እየሳቅን፣ ዝም እያልን፣ እንደገና እየሳቅን።

ስልኳ ጠራ። ዳላስ። ሁላችንም ስሙን አየነው። አንስታ «ሰው አለብኝ፣ ለቅሶ ላይ ነን፤ ቲኬቱን ተይው ለጊዜው» አለችና ዘጋች።

«አሁን ልጆቼን አሳዩኝ» አለች።

የቀዳችውን ጨዋታ ከፈተች። መጨረሻውን አራታችንም እናውቃለን፣ ሆኖም ማንም ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን አልነቀለም። ልጆቹ እንዴት ያምሩ ነበር! ቅዳሜ በጭንቀት ስላየሁት አላየሁትም ነበር። ቆጥ በዚያ እግሩ እየተንሳፈፈ። መሪጌታ ኳሷን በሁለት እጁ ሕፃን እንደሚያቀብል ሲያቀብል። ግራኙ ሲወረውር ኳሷ አየር ላይ የምትቆይ ይመስል ነበር። ውጭው እየጨላለመ ሄደ፣ መብራት ያበራ የለም፤ ፊታችን ሁሉ በጨዋታው ብርሃን ሰማያዊ ሆነ። በአንድ ነጥብ ይመራሉ። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ግራኙ ኳሷን ይዞ ወደ ፊት እየመጣ ነው።

እዚያ ላይ ቁልፉን ተጫነችና አቆመችው።

ሥዕሉ ቀጥ አለ። ልጁ አንድ እግሩ ከመሬት ተነስቶ፣ ሰዎቹ ከኋላው አፋቸውን ከፍተው።

«እና የቀረውስ?» አለ ዮናስ።

«የቀረውን ለአርባው እናየዋለን» አለች። «አርባ እኮ ይወጣል። ሰልስት ብቻ ተቀምጦ የሚበተን ማኅበር አለ?»

ጋሽ መኮንን «ይወጣል እንጂ! በወጉ ይወጣል!» አሉ፣ ድምፃቸው ተመልሶ።

ቤቴ እስክደርስ በጣቴ ስቆጥር መጣሁ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ አንዴ እየተራመድኩ፣ አንዴ የቤቴ በር ላይ ቆሜ። አርባው ከፋሲካ በኋላ ነው የሚውለው። ከብዙ ቀን በኋላ።